የሲንሲናቲ አይሁዶች የተጠሉት በሀብታቸው ነው?

ይድረስ ለጥያቄና መልስ ዓምድ አዘጋጅ፤

መርካቶ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ መሸጥ ከጀመርኩ 31 ዓመት ሆነኝ። የመጨረሻዋ ልጄ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሲንሲናቲ በምትባል ከተማ ትማራለች። ባለፈው ወር አንድ ፎቶ ላከችልኝ። በከተማው መሀል ታጥሮ የቀረ፣ ከሱቄና ከመጋዘኔ ብዙም የማይሰፋ ትንሽ መካነ መቃብር ነው። ድንጋዮቹ ላይ የዕብራይስጥ ጽሕፈት ይታያል። “አባዬ፣ ከተገዛ 200 ዓመት አልፎታል” አለችኝ። ፎቶውን ለሱቅ ጎረቤቴ ሳሳየው፣ “እነሱማ የትም ቢሄዱ ይከብራሉ፤ የሚጠሉትም ለዚሁ ነው” ብሎ ዘጋው። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ሰው ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ቀድሞ የገዛው መሬት መቃብር ከሆነ ባለጠጋ ነበር ለማለት ይከብዳል። ከምን ተነሡ? የነፃነት አገር በምትባለው አሜሪካስ ይጠሉ ነበር? ነጋዴ ነኝና በሚገባኝ ቋንቋ ይመልሱልኝ።

አንባቢዎ፣ ከመርካቶ

የተከበሩ የመርካቶው ወዳጄ፤

በቅድሚያ ጎረቤትዎን አይቀየሙት። እሱ ያለውን እኔም ሲንሲናቲ እስክገባ ድረስ ሳላኝክ የዋጥኩት ነገር ነበር። በዚያች ከተማ 11 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ደንበኛ ስጠብቅ፣ እንደ ሚናራ የቀጠኑ ሁለት ማማዎች ያሉት ትልቅ ሕንፃ አየሁና አብሮኝ ለቆመው የሐረር ልጅ “ይኸውልህ መስጊድህ” አልኩት። ልጁ ደስ ብሎት መንገዱን ተሻገረ። ሲመለስ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ነበር። ለካ በ1866 የተመረቀ የአይሁድ ምኩራብ ኖሯል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይያዙልኝ።) ከዚያ ወዲህ ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር እዚያው ማዕዘን እየቆምኩ ተሳፋሪውን ሁሉ ስለ ሕንፃው እጠይቅ ጀመር፤ ከተሳፋሪ ወደ ቤተ መጻሕፍት አለፍኩ። ጡረታ ወጥቼ ይህን ዓምድ እንድጽፍ ያበቃኝ ያ ስሕተት ነው ብል አላጋነንኩም።

ልጅዎ ፎቶ ያነሣችው የቼስትነት ጎዳናን መካነ መቃብር መሆን አለበት። ታሪኩ እርስዎ እንደጠረጠሩት ነው። በ1821 ቤንጃሚን ሊብ የሚባል ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ በከተማዋ ያሉትን ጥቂት አይሁዶች አስጠራ። ክርስቲያን አግብቶ ይኖር ስለነበር ወገናቸው መሆኑን አያውቁም ነበር። “እንደ አባቶቼ ሥርዓት ቅበሩኝ” አላቸው። የሚቀብሩበት ቦታ ግን አልነበራቸውም። ከከተማዋ ትልቅ ባለመሬት ከኒኮላስ ሎንግዎርዝ ቁራጭ መሬት በ75 ዶላር ገዙ። ምኩራብ ሳይሠሩ፣ ማኅበር እንኳ ሳያቋቁሙ ማለት ነው፤ ማኅበራቸው የተመሠረተው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1824 ነው። መቃብሩ በ1849 ኮሌራ ከተማዋን በፈጀበት ዓመት ተዘጋ።

ከሁሉ ቀድሞ የገባው ጆሴፍ ጆናስ የሚባል እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ ነበር። ፊላደልፊያ ያሉ ወገኖቹ፣ በዱር መሀል፣ በአሕዛብ መሀል ሃይማኖትህንም አምላክህንም ትረሳለህ እያሉ ቢለምኑት አልሰማም፤ ማርች 8 ቀን 1817 ሲንሲናቲ ደረሰ። በዚያ አካባቢ አይሁድ በዓይኑ ያየ ሰው ስላልነበረ ገበሬው ከገጠር ሳይቀር እየመጣ ይጎበኘው ጀመር። አንዲት የኩዌከር እምነት ተከታይ አሮጊት መጥታ፣ “አይሁድ ነህ? እግዚአብሔር ከመረጠው ሕዝብ ነህ ማለት ነው። እስቲ ልይህ” አለችው ይባላል። አዙራ፣ አዙራ አየችው። በመጨረሻም፣ “እንግዲያው ከሌላው ሰው ምንም አትለይም!” አለች። ይህን ታሪክ የሚተርኩት ሁሉ የሴትየዋን የዋህነት እያወሱ ይስቃሉ። እኔ የማስበው ቆሞ የሚዞረውን ሰውዬ ነው። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ፈገግ እንዳለ።

ከተማዋን ደግሞ ልሳልልዎ። ኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለች፣ የእንፋሎት መርከብ የሚሠራባት፣ ጭስና ጭቃ የማይለያት የፋብሪካ ከተማ ነበረች። በ1820 ሕዝቧ 10 ሺህ አይሞላም ነበር፤ በ1850 ከ115 ሺህ አለፈ። ያሳደጋት አሳማ ነው። መንጋው በየጎዳናው እየተነዳ ይገባል፤ ሥጋው በጨው ተዘፍዝፎ በበርሜል ወንዙን ይወርዳል፤ ከሞራው ሻማና ሳሙና ይሠራል። ዛሬ በየሱቁ ዕቃው የማይጠፋው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በ1837 የተወለደው ከዚሁ ሞራ ነው። ሰዉ ከተማዋን “ፖርኮፖሊስ”፣ የአሳማ ከተማ ይላት ነበር። አሳማ የማይቀምስ ሕዝብ ከዓለም ሁሉ መርጦ እዚያ መስፈሩን ሳስብ እስቃለሁ፤ እኛም የሄድነው እዚያው ነውና።

ለምን ሄዱ? ከ1830ዎቹ ወዲህ የጎረፉት አብዛኞቹ ከጀርመን ምድር፣ በተለይ ከባቫሪያ የመጡ ናቸው። የባቫሪያ መንግሥት በ1813 ባወጣው ደንብ በየመንደሩ የሚኖረው የአይሁድ ቤተሰብ በቁጥር ተገድቦ ነበር። ትዳር የሚመሠርተው በመዝገብ ቁጥር ያለው ብቻ ነው። አባት ሲሞት ያንን ቁጥር አንዱ ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የበኩሩ፣ ይወርሳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ልጅ ሌላ ቁጥር እስኪለቀቅ ይጠብቃል፤ የሚለቀቀውም ሰው ሲሞት ነው። ስለዚህ ብዙ ወጣት መርከብ የተሳፈረው ሚስት ለማግባት ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም።

ሲደርሱ ገንዘብ የለም፣ እንግሊዝኛ የለም። የቀራቸው ጀርባቸው ነበር። እኛ ሱቅ በደረቴ የምንለውን እነሱ ሱቅ በጀርባዬ አደረጉት። ጥቅሉን ልፍታልዎ፤ እርስዎ ሳያዩት ዋጋውን ይገምቱታል፦ መርፌ፣ ክር፣ ቁልፍ፣ ጥብጣብ፣ ማበጠሪያ፣ መነጽር፣ መቀስ፣ ከሥር ደግሞ ክብደቱን የሚያመጣው የጨርቅ ጣቃ። በ1854 ወደ ሲንሲናቲ የመጣው ዝነኛው ረቢ አይዛክ ማየር ዋይዝ በትዝታው እንዳሰፈረው፣ አንድ ተሸካሚ ከ100 እስከ 150 ፓውንድ፣ ማለትም ከ45 እስከ 68 ኪሎ፣ ያነሣ ነበር። በዚህ ሸክም በጭቃ መንገድ፣ ከእርሻ እርሻ፣ ውሻ እየተለቀቀበት።

ለዚህ ኑሮ የራሳቸው ቀልድ ነበራቸው። ማዕረግ ሰጥተውታል። ከሁሉ በታች ቅርጫት አንጠልጣዩ፣ ቀጥሎ ጥቅል ተሸካሚው፣ ከዚያ ፈረስና ጋሪ የገዛው “ባሮን”፣ ጌጣጌጥ የሚያዞረው “ካውንት”፣ ከሁሉ በላይ ባለሱቁ “ልዑል”። እኛ ብንሆን ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ደጃዝማች ማለታችን አይቀርም ነበር። ልብ ይበሉ፤ ከዚህ ሁሉ መኳንንት ልዑል የደረሰው ጥቂቱ ነው። ስማቸውን የምናውቀው የደረሱትን ብቻ ስለሆነ የትም ቢሄዱ ይከብራሉ እንላለን።

ጥቅሉን የሚሞላለት ማን ነው? ሲንሲናቲ ያለው ጅምላ ሻጭ ነው፤ በዱቤ። በ1850ዎቹ ከተማዋ ለደቡቡና ለምዕራቡ የተሰፋ ልብስ የምታቀርብ ሆና ነበር፤ በዚህ ንግድ ውስጥ ደግሞ ከቀደሙት ተሸካሚዎች ብዙዎቹ ገብተውበታል። ጨርቁ በጅምላ ቤቱ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ተጠቅልሎ በየቤታቸው ለሚሰፉ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ጀርመናውያን ሴቶች፣ ይከፋፈላል፤ ሱሪና ኮት ሆኖ ይመለሳል፤ አዲስ ገቢው ተሸክሞት ይወጣል። ለእርስዎ ይህን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እዚህ ላይ ነው ጎረቤትዎ እንዲያዳምጠኝ የምፈልገው። ዱቤ ያለ ምስክር አይሰጥም። መርካቶ ምስክሩ የጎን ሱቅ ነው። አሜሪካ ግን ገዢውና ሻጩ በሺህ ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። በ1841 ሉዊስ ታፓን የሚባል የኒውዮርክ ነጋዴ ለዚህ መላ ዘየደ። በየከተማው ጠበቃ ወይም ሌላ የታመነ ሰው ያዘ፤ ያ ሰው ስለ እያንዳንዱ ባለሱቅ ያየውንና የሰማውን በምስጢር ይልክለታል። ይጠጣል? ይቆምራል? ሚስቱ ንብረት አላት? ወሬው በወፋፍራም መዝገብ በቁም ጽሕፈት ይገለበጣል፤ ጅምላ ሻጩ ከፍሎ ያስነብባል። መዝገቦቹ ዛሬ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የሲንሲናቲውን ክፍል የታሪክ ሰዎች ገጽ በገጽ አጥንተውታል። የአይሁድ ነጋዴ ስም ሲመጣ ከሀብቱና ከጠባዩ ጋር አንድ ሌላ ቃል ደጋግሞ ይጻፋል፦ “አይሁድ”። ጀርመናዊ፣ ሰካራም፣ ታታሪ እንደሚባለው ሁሉ፣ እንደ ንግድ መረጃ። ሰውየው ዕዳውን በሰዓቱ ሲከፍል እንኳ “ለአይሁድ ደኅና ነው” ዓይነት ሚዛን ይሰጠዋል። ታፓን ራሱ ባርነትን በመታገል ስሙ የተጠራ ሰው መሆኑ አሁንም ይገርመኛል።

ውጤቱን እርስዎ ከእኔ ቀድመው ያዩታል። ከውጭ ዱቤ የጠበበበት ነጋዴ ከአጎቱ፣ ከአማቹ፣ ከአገሩ ልጅ ይበደራል። ገንዘቡ በቤተሰብ ውስጥ ስለሚዞር መዝገብ ጻፊው ምን ያህል እንዳለው ማወቅ ያቅተዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት፣ “ሀብቱ አይታወቅም፣ እርስ በርሳቸው ብቻ ናቸው፣ ምስጢረኞች ናቸው” ይባላል። ያን ያነበበው ጅምላ ሻጭ እንደገና ይከለክላል። በር ዘግቶ፣ ሰዎቹ በውስጥ መንገድ ሲሄዱ፣ ለምን በውስጥ መንገድ ሄዱ ብሎ መክሰስ ነው። በመዝገቡ ውስጥ የሚገኘው ያ ነጋዴ ገና ሁለት መደርደሪያና ያልተከፈለ ዕዳ ይዞ ነበር። የሚጠላ ሀብት ገና አላፈራም።

ይህን ሳነብ የራሴን ነገር አስታወስኩ። ሲንሲናቲ በአራተኛው ዓመቴ የራሴን ታክሲ ልገዛ አንድ ባንክ ሄጄ ነበር። የተቀበለችኝ ሴት ጨዋ ናት፤ ቡናም አቀረበችልኝ። ጥያቄዋ ግን ስለ ገቢዬ ሳይሆን ስለ አገሬ በዛ። በሦስተኛው ሳምንት አጭር ደብዳቤ መጣ። መኪናዋን የገዛሁት በእቁብ ነው፤ 14 ሆነን እሑድ እሑድ አንድ ወዳጃችን ምድር ቤት እንሰበሰብ ነበር፤ ሦስተኛው ዕጣ ለእኔ ወጣ። አንድ ፎቅ ላይ የሚኖር ጎረቤቱ፣ እነዚህ ጥቁሮች በየሳምንቱ ገንዘብ እየቆጠሩ የሚያደርጉት ምንድን ነው ብሎ መጠየቁን ኋላ ሰማሁ።

ደግሞ ወደ ውጭ ብቻ ጣት እንዳልቀስር አንድ ነገር ልናዘዝ። ያደግሁት ጎንደር ነው። እናቴ ከወለቃ ሴቶች፣ ከቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች፣ ጀበና ስትገዛ አብሬያት እሄድ ነበር። ዋጋ ስትከራከር የነጠላዋን ጫፍ ፊቴ ላይ ትጥለዋለች፤ የሴትየዋ ዓይን እንዳያገኘኝ። በነጠላው ክር መሀል ሴትየዋን አያት ነበር፤ ጭቃ የደረቀባቸው እጆቿ ይታዩኛል። ጀበናው ግን ቤታችን ይገባል፣ ቡናችን ይፈላበታል። ርስት የተነፈገ ሕዝብ ሸክላና ብረት ያዘ፤ ሸክላውና ብረቱ ደግሞ “ቡዳ” ለመባሉ ማስረጃ ሆነበት። ሲንሲናቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብዬ የዱቤ መዝገቡን ታሪክ ሳነብ የመጣብኝ ያ ነጠላ ነበር።

ከተማዋ ክፉ ብቻ ነበረች ካልኩ ግን እዋሻለሁ። አይሁዶቹ የመጀመሪያውን ምኩራብ ሠርተው በ1836 ሲያስመርቁ 52 ክርስቲያን ነዋሪዎች እያንዳንዳቸው 25 ዶላር አዋጥተዋል፤ ይህን የጻፈው ራሱ ጆናስ ነው። ሒሳቡን ይሥሩት፤ 1,300 ዶላር፣ መቃብሩ 75 ዶላር በተገዛበት ከተማ። በ1846 ደግሞ ራይስ የሚባል አይሁድ ነጋዴ እሑድ ሱቁን ከፍቷል ተብሎ ተከሶ ነበር። ቅዳሜን ዘግቶ እሑድንም ቢዘጋ ከሳምንቱ አምስት ቀን ብቻ ሊቀረው። የኦሃዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የከተማዋን ደንብ አልቀበልም አለ፤ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ቅዳሜን የሚያከብሩትን ነፃ ያደርጋልና። በ1850 አይሁዶቹ የራሳቸውን ሆስፒታል ከፈቱ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው የአይሁድ ሆስፒታል ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ በሌላ ቤት የተኛ ድኻ ሕመምተኛ ነፍሱ ሊወጣ ሲል ሰባኪ አልጋው ሥር እየተቀመጠ ሃይማኖቱን ሊያስለውጠው ይሞክራል የሚል ስጋት ነበር። የሊብን የመጨረሻ ልመና ለሚያስታውስ ይህ ተራ ስጋት አይደለም።

ሲከብሩስ? እዚህ ላይ ጎረቤትዎ ግማሽ እውነት አለው። በ1867 በርካታ የእሳት መድን ድርጅቶች ለወኪሎቻቸው ለአይሁድ ነጋዴ ሱቅ መድን ከመስጠት እንዲሸሹ በጽሑፍ አዘዙ፤ ለካሣው ሲል ራሱ ያቃጥለዋል በሚል። ትእዛዙ ሲጋለጥ በየከተማው የተቃውሞ ስብሰባ ተጠራ፤ ነጋዴዎቹም ውላቸውን እያፈረሱ ወጡ። በ1877 ደግሞ ጆሴፍ ሴሊግማን ሳራቶጋ ከሚገኝ ትልቅ ሆቴል በር ተመለሰ። ሰውየው ከባቫሪያ መጥቶ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዕቃ በጀርባው ያዞረ፣ ኋላም በርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካን መንግሥት ቦንድ አውሮፓ ውስጥ ያሻሻጠ የባንክ ባለቤት ነው። ተሸካሚ ሳለ ውሻ ተለቀቀበት፣ ባንክ ሲከፍት ደግሞ ሆቴሉ ተዘጋበት። ሀብቱ ቢጨመርም ቢቀነስም ቃሉ አልተለወጠም።

እርስ በርሳቸውስ ቅዱሳን ነበሩ? አልነበሩም። ከ1881 በኋላ ከሩሲያ ግዛት ድኾቹ ወገኖቻቸው ሲጎርፉ፣ ኮረብታው ላይ የወጡት የጀርመን አይሁዶች የእነሱን ጺምና አነጋገር እያዩ የሚያፍሩ ብዙ ነበሩ። በሃይማኖት ሥርዓት የወግ አጥባቂዎቹና የለውጥ ፈላጊዎቹ ጠብ ቀድሞም አለ። ጁላይ 11 ቀን 1883 የሲንሲናቲው የረቢዎች ኮሌጅ የመጀመሪያዎቹን አራት ምሩቃን ሲያወጣ ከፍ ያለ ግብዣ ተደረገ፤ ምግቡ ሲቀርብ ዛጎል ለበስ የባሕር ፍጥረት፣ ሸርጣን፣ የእንቁራሪት እግር። በሕጋቸው ሁሉም እርም ነው። አንዳንዶቹ ረቢዎች ጥለው ወጡ። አንድ ነገር ብቻ ገበታው ላይ አልነበረም፦ አሳማ። እዚያች ከተማ ውስጥ!

ልጅዎ አሁንም እዚያ ካለች፣ ከመቃብሩ ተነሥታ ወደ ፕለም ጎዳና ትሂድና ያንን መስጊድ ያልኩትን ምኩራብ ከውስጥ ትየው፤ ጣራው ድረስ በቀለም የተጌጠ ነው። ለጎረቤትዎም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ ዱቤ ከማን እንደጀመረ ይጠይቁልኝ።

ጋሼ፤

ዋሺንግተን ታክሲ እነዳለሁ። ሦስተኛው ጎዳና ላይ በ2023 የተከፈተ የአይሁድ ሙዚየም አለ፤ ውስጡ አሮጌ ትንሽ ምኩራብ ይታያል። አንድ ተሳፋሪ “ፕሬዚዳንት ግራንት ሲመረቅ እዚህ ተቀምጧል” አለኝ። ሌላው ደግሞ “ግራንት ማለት አይሁዶችን ያባረረው ጄኔራል ነው” አለኝ። የትኛውን ልመን?

አንባቢህ፣ ከዋሺንግተን

ወንድሜ፣ ሁለቱንም እመን። የሙያ ባልደረባዬ ስለሆንክ ጥያቄህን ከላይኛው ጋር አስገባሁት፤ ነገሩም እንደገና ወደ ሲንሲናቲ ይመልሰናል።

የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ በተዋጉበት በርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የደቡቡ ጥጥ ወርቅ ነበር። የሰሜኑ ነጋዴ ሁሉ፣ መኮንኑም ጭምር፣ በፈቃድም ያለ ፈቃድም ይገዛዋል። የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ግራንት በሕገ ወጡ ንግድ ተማርሮ ነበር። በዲሴምበር 1862 የገዛ አባቱ ጄሲ ግራንት ሚሲሲፒ ድረስ መጣበት። አባትየው ከሲንሲናቲ ልብስ ሰፊዎች ከማክ ወንድማማቾች ጋር ተዋውሏል፤ ከልጁ የጥጥ ፈቃድ ካስገኘላቸው የትርፉን ሩብ ሊወስድ ነው። ማኮች አይሁዶች ናቸው። ልጁ ክፉኛ ተናደደ። በአባቱ ላይ ያልወጣው ንዴት በማን ላይ እንደወጣ ገምት። ታሪክ ጸሐፊዎች ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አይሉም፤ በዚያው ሰሞን ግን፣ ዲሴምበር 17፣ አጠቃላይ ትእዛዝ ቁጥር 11 ወጣ፦ አይሁዶች “እንደ ወገን” የንግድ ደንብ ስለሚጥሱ በ24 ሰዓት ውስጥ ግራንት ከሚያዝበት የጦር ቀጠና ይውጡ።

ነጋዴውን ብቻ አላለም። ኬንታኪ ውስጥ ፓዱካ ከምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ወደ 30 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ተነሡ። ከእነሱ አንዱ ሴዛር ካስክል ለፕሬዚዳንት ሊንከን ቴሌግራም ቢልክ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ራሱ ጉዞ ጀመረ። ዋሺንግተን የደረሰው ጃንዋሪ 3 ነው፤ ሊንከን የባሪያ ነፃነት አዋጁን ከፈረመ ሁለት ቀን ብቻ ሆኖታል። የሲንሲናቲው የምክር ቤት አባል ጆን ገርሊ ይዞት ገባ። ሊንከን በማግስቱ ትእዛዙን አሻረው። ቀጥሎ ከሲንሲናቲ ዋይዝና ጓደኞቹ ሊያመሰግኑት ሲሄዱ፣ በጥቂት ኃጢአተኞች ምክንያት አንድ ሕዝብ ሙሉ ሲወገዝ መስማት እንደማይወድ ነግሯቸዋል፤ ዋይዝ ነው የጻፈው።

ግራንት በ1868 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ትእዛዙ ከመሬት ተቆፍሮ ወጣ። ስሕተቱን አምኖ፣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሥራ እንዲመዘን እንደሚፈልግ በደብዳቤ ጻፈ። ለምርጫ ሲል ነው የሚሉ ነበሩ። ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን ከእሱ በፊት የነበረ ፕሬዚዳንት ያላደረገውን ያህል አይሁዶችን ሾመ፤ ሩማኒያ ውስጥ አይሁዶች ሲጠቁ ቆንስል አድርጎ የላከው አይሁዳዊውን ቤንጃሚን ፔክሶቶን ነው።

ያንተ ምኩራብ አዳስ እስራኤል ይባላል። ጁን 9 ቀን 1876 ሲመረቅ ግራንት ሥርዓቱ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ የሥልጣን ዘመኑ ላይ ሳለ ምኩራብ ሲመረቅ የተገኘ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነው። ሲወጣ 10 ዶላር ሰጥቷል። ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ያዩት ከነበሩት መሀል ትእዛዙን የማያስታውስ ጎልማሳ የነበረ አይመስለኝም።

ሕንፃው ዛሬ ያለበት ቦታ ላይ አልተሠራም። በ1969 ጭነው አዛወሩት፣ በ2016 ደግሞ ጥቂት ፈቀቅ አደረጉት፣ በ2019 እንደገና አንቀሳቅሰው አሁን ያለበት አቆሙት። ከነጡቡ፣ በጎማ ላይ። ያንን ቀን መንገዱ ተዘግቶብህ ተበሳጭተህ ከነበረ፣ የተሸከመው ይህን ነበር።